ለእጅ ማውጣት የተነጠፈ ነጠላ

ለመንግሥት ምርጫ ካርድ አውጥተን ድምፅ እንሰጣለን። የለቅሶ ማኅበራችን፣ የቅሬያችን ዳኛ ሲመረጥ ግን እጅ የሚያወጣው ወንድ ብቻ ነበር። ሰው ሲሞት ውሃ የምንቀዳው፣ እንጨት የምንሸከመው፣ ንፍሮ የምንቀቅለው እኛ፤ ሥራ የሚያዘንና የቀረችውን የሚቀጣው እነሱ የመረጡት ዳኛ። ሦስት ዓመት ጠየቅን። «ለከርሞ» አሉን።

በአራተኛው ዓመት ምንጩ ዳር «ነጠላ እናንጥፍ» አልኩ። በእኛ አገር ወንዶች ለጠብ ሲወጡ ሴቶች ነጠላቸውን መንገድ ላይ ያነጥፋሉ። ያንን የሚሻገር ወንድ የለም።

የባሌ እህት ጀሪካኗን አስቀምጣ ተነሳችብኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነጠላ ለደም ነው! ለዳኛ ምርጫ ካነጠፍነው ነገ ሊጋደሉ ሲወጡ ማን ይቆምልናል?»

«ታዲያ እስክንሞት እንለምን?»

«እንለምን! ሽማግሌ እንላክ።»

«ሽማግሌዎቹስ እነማን ሆኑና? እነሱው አይደሉ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእሷ ጋር ወገኑ።

ዳኛ በሚመረጥበት ቀን ጠዋት ስድስት ሆነን ወደ መሰብሰቢያው ዋርካ የሚወስደውን መንገድ ዳር እስከ ዳር በነጠላ ዘጋነው። ወንዶቹ መጡና ቆሙ። ከፊት የነበሩት ሸህ ደነገጡ።

«ምነው ልጆቼ? የማን ደም ነው?»

«የማንም አይደለም፣ አባባ። እጅ ማውጣት እንፈልጋለን» አልኳቸው።

ከኋላ አንዱ «ሱሪያችሁንም ስጡን በሏ!» አለ። ሳቁ። ከመሃላቸው የገዛ ልጄ ወጣ።

«እማ፣ አታሳፍሪኝ። አንሺው።»

«ወላሂ አላነሳም።»

ነጠላዬን ተሻግሮ አለፈ።

ሳቁ ጸጥ አለ። ሸሁ «አስተግፊሩላህ! የእናቱን ነጠላ!» ብለው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። «እኔስ አልሻገርም።» ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ስብሰባው መንገዱ ላይ ሆነ፤ እነሱ ከነጠላው ወዲያ፣ እኛ ወዲህ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ «ሴቶችም እጅ ያውጡ» ተባለ። የቀሩት ሴቶች ተጠርተው መጡ። የባሌ እህትም እጇን አወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከጎኔ ሆና «ልጅሽ ተሻገረ» አለችኝ። «ነገ መሣሪያ ይዞ ሲወጣ በምን ታቆሚዋለሽ?»

«እኔው ራሴ መንገዱ ላይ እተኛለሁ።»

«አንቺንም ቢሻገርሽስ?»

ልጄ ከፊታችን፣ ዞር ሳይል፣ ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር።