ነጭ ጢሜን ያጠቆረው ኪኒን

መጀመሪያ ያየሁት የሰገራዬን መጥቆር ነው። እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሰው ይህን ማውራት ያፍራል፤ እኔ አላፍርም፣ በማፈር የሞተ አውቃለሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ እዚህ መቀሌ ጆንያ ከምጠግንበት በረንዳ ልነሳ ስል ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ባለቤቴ ዘይነባ ፊቴ ላይ ውሃ ትረጫለች። "ከንፈርህ የሬሳ መስሏል" አለችኝ።

በባጃጅ ዓይደር ሆስፒታል አደረሱኝ። ደም ሰጡኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ ናሙናም ተወሰደ። በትንሹ አንጀቴ ግድግዳ ላይ ዕጢ ተገኘ። ጂስት ይሉታል። ትልቅ ስለሆነ መጀመሪያ በመድኃኒት ይቀንስ፣ ቀዶ ጥገናው በኋላ ይታያል ተባለ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። "አቦይ" ነው የምትለኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው።

"አቦይ፣ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ሴሎቹ መቼ እንዲያድጉ፣ ምን እንዲሆኑ፣ መቼ እንዲያቆሙ ትእዛዝ የሚያቀብሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ኪኔዝ ይባላሉ። ግድግዳውም የራሱ ኪኔዞች አሉት። የእርስዎ አንዱ ተበላሽቶ 'እደግ' እንዳለ ቀርቷል። ማንም ሳያዘው ያዛል።"

"ማንም ሳያዘው?"

"ማንም ሳያዘው።"

ይህ ነገር አልለቀቀኝም። እኔ ጆንያ ስሰፋ፣ ሆዴ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሥራ ላይ ነው። አይደክመውም። ብጾም አይርበውም። እጄን ሳሳርፍበት ጠጣር ነው፣ ዝም ይላል። እኔም ዝም እለዋለሁ።

ኪኒኑ ኢማቲኒብ ይባላል። የተበላሸውን ኪኔዝ አፉን ይይዘዋል። በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ያቅለሸልሻል። የዓይኔ ዙሪያ አበጠ፤ መስታወት ሳይ ሌላ ሽማግሌ ያየኛል።

ጥቂት ወራት እንደዋጥኩ ጢሜ መጥቆር ጀመረ። ስንት ዘመን ነጭ የነበረ ጢም! ከሥሩ፣ አንድ ባንድ። አብሮኝ ከወሎ የመጣው አያ ሙሄ መስጊድ በር ላይ ያዘኝ።

"አንተ እንድሪስ! ሒናው አነሰህና በጥቁር ትቀባ ጀመር? ነውር መሆኑን አታውቅም? ወይስ በስተርጅና ሁለተኛ ልታገባ ነው?"

"ወላሂ አልተቀባሁም!"

ጣቱን በምራቁ አርሶ ጢሜን አሸው። ቀለም የለም። ጣቱን አየ። እኔን አየ። ሳቁ ጠፋ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ሸሸት አለ።

በፊት፣ እንደታመምኩ፣ የአገሬ ሰዎች ተሰብስበው ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አድርገውልኝ ነበር። አሁን ሁሉም "ዱዓው ደርሷል፤ አላህ ጉልምስናውን መለሰለት" አሉ። እኔም አመንኩ። ጢሙ ጠቁሮ የሚበቅልለት ሰው ምን ዕጢ አለው? ኪኒኑን ተውኩት። ዘይነባ "እባክህ ሐኪሟን ጠይቅ" ብላ ለመነችኝ። "ከአላህ በላይ ሐኪም የለም" ብዬ ዝም አሰኘኋት። ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ፣ የዓይኔም እብጠት ጎደለ። ዳንኩ አልኩ።

አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ዘይነባ ጢሜን ስትከረክምልኝ እጇ ቆመ።

"ከሥሩ ነጭ ወጣ" አለች።

ተቆጣኋት። ብዙም አልቆየም። ሰገራዬ ጠቆረ። ወደቅሁ። ደም ሰጡኝ። ዕጢው አድጓል።

ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አቦይ፣ ጢሙን ያጠቆረው ኪኒኑ ነው። እምብዛም አይታይም፤ ግን ይሆናል። ዕጢውን የሚያሳድገው ኪኔዝ ፀጉርን የሚያቀልሙትንም ሴሎች ያዛል፤ ኪኒኑ ሲነካው ቀለሙም ይለወጣል። የጢሙ መጥቆር መድኃኒቱ ሰውነትዎ ውስጥ መኖሩን ነው የሚናገረው፤ ዕጢው መጥፋቱን አይደለም።"

ለካ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገርና አገጬ ላይ ያለው ጢም የሚሰሙት አንድ ድምፅ ኖሯል።

"አሁንስ ይሠራልኛል?"

"እንሞክራለን። ቃል ግን አልገባም።"

እንደገና ጀመርኩ። ዘይነባ ምሳዬን አቅርባ፣ ብርጭቆውን ሞልታ፣ ኪኒኑ በጉሮሮዬ መውረዱን እስክታይ ከፊቴ አትነሳም ነበር፤ አያ ሙሄም አንዳንዴ አብሮን እየበላ "ዋጥ እንጂ ሙሽራው!" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን ጉልበቴ ተመለሰ፣ እስከ ገበያ በእግሬ መሄድ ቻልኩ፣ መርፌዬንም አነሳሁ። ሲቲ ስካን ድጋሚ ሲታይ ዕጢው በጣም ቀንሷል።

"ሞተ?" አልኳት ሐኪሟን።

"አልሞተም አቦይ። ተኝቷል። ኪኒኑ ከቀረ ይነቃል።"

አላህ ይስጣት። አስታማሚዎቼንም ይስጥልኝ። ደሙን የሰጡኝን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ደማቸው ግን እኔ ውስጥ ይዞራል፣ ባሉበት ሰላም ይሁኑ። በዚህ ሕመም የተያዛችሁ፣ ዱዓችሁንም ጸሎታችሁንም አትተዉ፤ ኪኒኑንም አትተዉ። ሰውነታችሁ ላይ የተለወጠ ነገር ካያችሁ፣ ለበጎ ቢመስላችሁም እንኳ፣ ለጎረቤት ከማውራታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ልትጾሙ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሚስት ስትለምን ስሙ።

ዛሬም ምሳዬን በላሁ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ እጄን ሆዴ ላይ አሳረፍኩ። ዝም ብሏል። እንዳይነቃብኝ ቀስ ብዬ ተነሳሁ።