የቆመው ሰዓትና የቨርና ታትል ቀኝ እጅ

ቨርና ታትልን ሳያውቅ የግዛታችንን ምክር ቤት አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምክር ቤቱን መጥሪያ አድላለች። ቁመቷ ከብብቴ አያልፍም፣ ዳሌዋንም ያማታል፤ ግን መጥሪያ ከያዘች ሸሪፍም ቢሆን፣ ጣሪያ ላይ ቢወጣም አያመልጣትም። እኔ ክሊተስ የአዳራሹ በር ጠባቂ ነኝ፤ የምነግራችሁን በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አልቆም አለ። ከሃዝል ከተማ በላይ ያለው ግድብ ተሰንጥቋል፣ መሐንዲሶችም ሪፖርት ጽፈዋል ተባለ። ምክር ቤቱ ሪፖርቱን አምጣ ቢለው አገረ ገዥው፣ "አማካሪዎቼ የሚነግሩኝ የኔ ምስጢር ነው፤ እናንተ ሕግ አውጡ፣ እኔ ላስተዳድር" ብሎ እምቢ አለ። ደሜ ፈላ! የግድብ ስንጥቅ ደግሞ የምን ምስጢር ነው? ሃዝል ውስጥ የቨርና ታላቅ እህት ኦፓል ትኖራለች። ቨርና ውጪ ብትላት፣ ብትለምናት ወይ ፍንክች። "አገረ ገዥው በቴሌቪዥን ደህና ነው ብሏል፤ በወሬ ቤቴን አልለቅም። ጽሑፍ አምጪ!"

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በጉባኤው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ዳኛው ፈረዱ። የአማካሪ ምክር ይደበቅ፣ የመሐንዲስ ልኬት ግን አይደበቅም አሉ። ችግሩ፣ ግድቡን የሚመረምረው ኮሚቴያችን ያወጣው የሪፖርቱን አምጣ ትእዛዝ አገረ ገዥው ወይም ጠበቃው እጅ መግባት አለበት፤ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ አይቆጠርም። ስድስት ሰዓት ላይ ጉባኤው ሲዘጋ ኮሚቴው ይፈርሳል፣ ትእዛዙም አብሮት ይሞታል።

የአገረ ገዥው ቢሮ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ይላል። ቨርና ትእዛዙን ይዛ ደጃፉ ላይ ተገተረች፤ እኔ ከላይ ቁልቁል አያለሁ። ጠበቃው ሚስተር ፕሩዊት ብቅ አለ፤ ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ!

"ሚስተር ፕሩዊት፣ እስቲ እጅዎን ያውሱኝ።"

"በርዶኛል፣ ሚስ ቨርና።"

"በዚህ ሙቀት?"

"ደሜ ቀዝቃዛ ነው።"

"እሱንማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል!"

ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አፈ ጉባኤው ጠሩኝ። "ክሊተስ፣ መሰላልህ የት አለ?"

ልቤ ዘለለ! እኛ ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ሥራ ሳያልቅ የመዝጊያው ሰዓት ከደረሰ የአዳራሹን የግድግዳ ሰዓት እናቆማለን። ጉባኤው የሚያውቀው ያንን ሰዓት ብቻ ነው። ወጣሁና የሚወዛወዘውን ዘንግ ጨብጬ ቀጥ አደረግሁት። ለስድስት ሰባት ጉዳይ ላይ ቆመ።

ለቨርና ከላይ በዓይኔ ጠቀስኳት፤ የአገረ ገዥው ሰዎች ግን ይህን የት አውቀው! የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ስድስት ሰዓት ሲመታ ፕሩዊት፣ "ጌታዬ፣ አበቃ!" ብሎ ጮኸ። አገረ ገዥው እየሳቀ ወጣ። ምርጫ ደርሷል፣ ኮሪደሩ ሰው ሞልቷል፤ እሱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ ሲጨብጥ የኖረ ሰው ነው። ቨርና ቀኝ እጇን ዘረጋች።

"አይዞሽ ሚስ ቨርና፣ ዛሬ ተራው የኛ ሆነ" ብሎ ጥብቅ አድርጎ ጨበጣት።

የታጠፈው ወረቀት መዳፏ ውስጥ ነበር።

"እጅዎ ገብቷል፣ ክቡር አገረ ገዥ።"

"ጊዜው አልፏል እኮ!"

"ወደ ላይ ይውጡና የአዳራሹን ሰዓት ይዩ።"

ፕሩዊት ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ መጣ። ሰዓቱን አየ፣ መሰላሉን አየ፣ እኔን አየኝ። "ይሄ ማጭበርበር ነው!"

"አምና የናንተ በጀት ያለፈው በዚሁ መሰላል ነው። ያኔ ምነው ዝም አልክ?" አልኩት። ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም።

ሪፖርቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ቨርና ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ስልኩን አነሳች።

"ኦፓል፣ ጽሑፍ አላልሽም? ስሚ! 'ውኃው ሁለተኛውን ምልክት ካለፈ ከግድቡ በታች ማንም መቆየት የለበትም።'"

"መቼ ነው የተጻፈው?"

"በጥር።"

"ሰውዬው በቴሌቪዥን የወጣው በየካቲት ነው" አለች ኦፓል። ድምፅዋ ተለወጠ። "ቨርና… ውኃው ምልክቱን ያለፈው ትናንት ነው።"

"ውጪ! የጎረቤቱን በር ሁሉ እየመታሽ ውጪ!"

ኦፓል አመሻሹ ላይ ጎረቤቶቿንና ዶሮዎቿን በአንድ ፒክአፕ ጭና ምክር ቤቱ ደጃፍ ደረሰች። ቨርና እያቀፈቻት፣ እየሰደበቻት አለቀሰች። ሌሎቹ የሃዝል ሰዎችም ከኋላ ተከታትለው ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ግድቡ ተደረመሰ፤ ሃዝል ውስጥ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የአዳራሹን ሰዓት ያስነሳሁት ያን ወሬ ከሰማሁ በኋላ ነው።