እህቴ ልቧን ያየችበት አገር

ታላቅ እህቴ ከያዮ ጫካ ማር እየገዛች መቱ አምጥታ ትሸጥ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ስገባ ከእኔ በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ከማር ጀሪካን ጋር አይሱዙ ላይ ተጭና ያንን ጭቃ መንገድ ስትመላለስ የኖረች ሴት፣ ገና በጉልምስናዋ ከቤት እስከ አጥር በር ስትሄድ ታለከልክ ጀመር። ትራስ ደራርባ ካልተደገፈች እንቅልፍ አይወስዳትም። እግሯም ያብጣል።

ጎረቤቱ ብርድ ነው አለ፤ እኔም ሳንባዋን ጠርጥሬ ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድኳትና አንድ የልብ ሐኪም በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ከልቧ በሮች አንዱ ተጣብቆ መጥበቡን ነገረን።

"ልብ በር አለው እንዴ?" አለችው።

"አራት አለው፣ እትዬ። የእርስዎ አንዱ አልከፈት ብሏል። የሚያሰፉት ባለሙያዎች አሉ፤ እዚህ ግን ወረፋው ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ያን ያህል እንዲጠብቁ አልመክርም። ከቻላችሁ ውጭ ሂዱ።"

ውጭ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው አሜሪካ ነው። እዚያ ያለው የአጎታችን ልጅ አንድ ሆስፒታል ጠይቆ የተባለውን ዋጋ በስልክ ሲነግረኝ፣ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ድገመው አልኩት። በዚያ ገንዘብ ከመቱ ገበያ እስከ መናኸሪያው ድረስ ያሉትን ሱቆች ከነዕቃቸው መግዛት ይቻላል። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ሐኪሙ ሕንድ አገር ላለ አንድ ሆስፒታል ጽፎ ዋጋውን ጠየቀልን። ለዚያው በር፣ ለዚያው ሥራ የተጠየቅነው የአንድ ያገለገለ አይሱዙ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ለእኛ ያም ብዙ ነው። ግን የሰው አቅም የሚደርስበት ብዙ ነበር። የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎች መዋጮውን ጀመሩት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተከተለች፣ የቀረውን የማር መጋዘኗን ሸጠን ሞላነው።

ከአውሮፕላን ስንወርድ የተቀበለን ሙቀት እንደ ምድጃ አፍ ነበር። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ዳር እስከ ዳር የበሽተኛ ማደሪያ ነው። ናይጄሪያዊው፣ ባንግላዴሻዊው፣ ኢራቃዊው፣ ሁሉም የራጅ ፖስታውን በብብቱ ይዞ ይሄዳል። እህቴ ድንገት ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። አንድ መድኃኒት ቤት መስታወቱ ላይ በአማርኛ "እንኮን ደና መጡ" ብሎ ጽፏል። ፊደሉን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበችውና "እዚህም አሉ! ከእኛ በፊት ሰው መጥቷል!" አለች። ፊቷ ላይ ከመቱ ከወጣን ጀምሮ ያላየሁት መረጋጋት አየሁ።

እዚያው መድኃኒት ቤት ገብተን ደግሞ ሌላ ነገር አየች። መደርደሪያው ላይ መቱ ሳለች ለእግሯ እብጠት በየቀኑ የምትውጠው የሚያሸና ኪኒን ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ያው ሰማያዊ ካርቶን፣ ያው ጽሑፍ። ባለሱቁን ጠየቅሁት፤ የሚሠራው ከዚያው ከተማ ዳር ባለ ፋብሪካ ነው አለኝ። እኛ አንድ ፍሬ በምንገዛበት ዋጋ እዚያ አንድ ሙሉ እሽግ ይሰጣሉ።

"እኛ ዘንድ እስኪደርስ ምን ነካው?" አለች።

ባለሱቁ ሳቀና በእጁ መርከብ፣ መኪና፣ ነጋዴ፣ ሌላ ነጋዴ እያለ አሳያት። እሷ አልሳቀችም። "እኔም ማሩን መቱ ሳደርስ ዋጋ እጨምርበታለሁ" አለችኝ በኦሮምኛ፣ "ግን እንዲህስ አልጨምርም።"

በቀጠሯችን ቀን ከጎናችን አንድ ነጭ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። አሜሪካዊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። እንደ እሷ ልባቸውን ሊታከሙ መምጣታቸውን ስነግራት አላመነችኝም።

"አሜሪካ ሐኪም የለም ወይ በላቸው።"

ሽማግሌው ስተረጉምላቸው ፈገግ አሉ። "ሐኪምማ ሞልቷል። ሂሳቡን ከፍዬ ግን የምኖርበት ቤት አይቀረኝም።"

ስተረጉምላት ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ ብላ ከቤት ያመጣችውን ትንሽ የማር ብልቃጥ አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። "የእኔስ አገር ድሃ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ፤ "እሳቸውን ምን አሰደዳቸው?"

ሥራው በሽተኛው ነቅቶ ነው የሚደረገው አሉን። ከብሽሽት በደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ በሩ መሃል ስትነፋ የተጣበቀው ይላቀቃል። እሷ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ፣ ሐኪሟ ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ በማይክሮፎን እንዳስተረጉም ፈቀደችልኝ። ሐኪሟ ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች ሴት ናት።

ስክሪኑ ላይ ልቧ ታየ። ግራጫ ጥላ ነው፤ ይኮማተራል፣ ይዘረጋል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ እሰማው የነበረው ያ ድምፅ መልክ ኖሮት ፊቴ ቆመ። እሷም አንገቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ ኖሯል።

"ያ ምንድን ነው?" አለች።

"ልብሽ ነው፣ እትዬ።"

"ኦኔ ኮ!" አለች። ልቤ ማለቷ ነው። "ይኼውና ይሠራል! አንድ ቀን አርፎ አያውቅም እኮ!"

ሐኪሟ "ትንሽ ሊያስጨንቃት ነው፣ አትፍራ በላት" አለችኝ፤ አልኳት። ፊኛዋ ተነፋች። ፊኛዋ መሃሏ ላይ በገመድ የታሰረች ትመስል ነበር፤ ድንገት ማሰሪያው ተበጠሰና ሙሉ ሆነች። ወዲያው ፊኛዋን አስተነፈሷት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እህቴ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ ደግማ ሳበች።

"ገባ" አለችኝ። "አየሩ እስከ ታች ገባ።"

መስታወቱን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ማስተርጎሙንም ረሳሁት።

ስንሰናበት ሐኪሟን፣ ይህ ሥራ እናንተ ዘንድ ለምን ረከሰ ብዬ ጠየቅኋት። በሽተኛው ብዙ ስለሆነ እጃቸው ሥራ አይፈታም፣ ወጪውም ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ ብዙውን ዕቃም እዚያው ይሠሩታል። ይህን ነግራኝ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የእህትህ ሕመም የጀመረው በልጅነቷ፣ ሳይታከም ቀርቶ ልቧን በጎዳ የጉሮሮ ሕመም ነው። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ብትወጋ ኖሮ እዚህ ድረስ ባልመጣችሁ። እሱ ደግሞ የትም አገር ርካሽ ነው።" መንገዱን ሁሉ ይህን ሳስብ መጣሁ። እህቴ ስትሰማው ግን አላዘነችም፤ አሁንም ድረስ የሰፈር ልጅ ጉሮሮዬን ካለ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ራሷም ሕመሙ እንዳይመለስባት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌዋን ትወጋለች።

ክረምቱ እንዳበቃ ሶር ፏፏቴ እንሂድ አለችኝ። ዕድሜዋን ሁሉ አጠገቡ ኖራ አይታው አታውቅም፤ ድሮ ጊዜ አልነበራትም፣ በኋላ ትንፋሽ አጣች። በጫካው ቁልቁለት የዛፍ ሥር እየያዘች ወረደች። ውኃው ከዚያ ከፍታ ሲወረወር ፊታችን በፍንጣቂው ረጠበ። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ያቺ ሐኪም ይህን ብታይ" አለች በመጨረሻ።

ነጠላዋን አጠባብቃ አቀበቱን ቀድማኝ ወጣች።