ፋሲካ በሁዳዴ እኩሌታ

አርብ ገበያ ላይ ስብከት የምንጭንበት ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ገበሬው አርብ ሲወጣ ሚሞሪ ካርዱን ከትንሿ ራዲዮው ነቅሎ ይሰጠናል፤ የሳምንቱን አዲስ ስብከት እንጭንለታለን። ከኢንተርኔት አንድ በአንድ ማውረዱ መከራ ነበር፤ ኔትወርኩ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ስለዚህ አጭር ስክሪፕት፣ ለኮምፒውተሩ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ጻፍኩ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ገበሬው የሚወደውን የአንድ ሰባኪ ፊድ፣ አዲስ የተለቀቀው ሁሉ የሚሰፍርበትን ገጽ ማለት ነው፣ ያይና ፋይሉን ራሱ ያወርዳል። የእኔ ሥራ ከመጫኔ በፊት ማዳመጥ ብቻ ሆነ።

ባለሱቁ ይህን አየ። «ማሽኑ ራሱ ከሠራው አንቺ ለምን ትሆኝኛለሽ?» አለኝ፣ ደንበኛ ፊት፣ እየሳቀ። ወዲያው አሰናበተኝ፤ ስክሪፕቴ ግን እዚያው ቀረ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወጣሁ። እናቴ «ለእግዜር ስጭው» አለችኝ። ኧረ ወዲያ! እግዜር ስንት ሥራ አለበት፤ ይህን እኔው እይዘዋለሁ አልኩ በሆዴ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ በቆርቆሮ ኪዮስክ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ጀመርኩ። ሁዳዴ ሲጋመስ በሰባኪው ገጽ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ የቆዩ ትምህርቶች እንደገና ይለቀቃሉ፣ መጀመሪያው የአምናው የትንሣኤ ስብከት ነው ይላል። ስክሪፕቱ እንደሆነ አዲስ የተለቀቀ እንጅ ጾምና ፍስክ አያውቅም። ባለሱቁ ደግሞ ከመጫኑ በፊት አያዳምጥም። ዝም አልኩ። ዝምታው እንዴት እንደጣፈጠኝ!

አርብ ደረሰ፤ ገበያው ጢም አለ። አንድ አዛውንት ቄስ ካርዳቸውን አስጭነው እዚያው ደጃፉ ላይ ራዲዮውን ከፈቱት። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» አለና እልልታው ቀለጠ። አህያ የሚያራግፉት ሁሉ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ጾሙን ማን ገደፈው?» አሉት ቄሱ ባለሱቁን።

«እንግዲያማ ዶሮ እንግዛ!» አለ አንዱ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሳይቆይ ከወዲያም ከወዲህም ሌላ ራዲዮ፣ ሌላ እልልታ።

ባለሱቁ ላቡ እየወረደ ወደ እኔ ተሻገረ። «እባክሽ እህቴ፣ ምን ነክቶት ነው? ነይ እይልኝ።»

እህቱ ሆንኩ በዚያን ቀን! የምሰካውን ስልክ ሳልለቅ፣ ቀና ሳልል፣ «ራሱ ይሠራል ብለው የለም? ይጠይቁታ» አልኩት።

ቄሱ ሰምተውኝ ኖሯል። ካርዳቸውን ነቀሉና መንገዱን ተሻግረው፣ ባለሱቁ ቆሞ እያየ፣ «አንቺው አዳምጠሽ ጫኝልኝ» ብለው መዳፌ ላይ አኖሩት።