ሠላሳ ስምንት ማንኪያ

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሠራተኞች «እማማ ጭልፋ» የሚሏት ሴት የካንቲኑን ድስት ማማሰል ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስት መቶ ሰው የምታበላው ሴት ካለፈው ወር ወዲህ ግን ራሷ አትበላም ማለት ይቀላል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ዱቄት በውኃ እየበጠበጠች በቀን አራት ጊዜ ትጠጣለች፤ ማታ ላይ አንድ ሳህን የተቀቀለ ቅጠል ይጨመርላታል። ሁሉም ተደምሮ ስምንት መቶ ካሎሪ ነው። ሐኪሙ የስኳር ክኒኗን አስቁሞ፣ በየሳምንቱ እየመጣች እንድትታይ አዞ፣ «ለሁለት ወር ብቻ ይቻሉት» ብሏታል። ክብደቷ ሲቀንስ ስኳሩም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ካልወረደ መርፌ ትጀምራለች።

የእናቷ ነገር ነው ያስፈራት። እናቷ በዚሁ በሽታ መጀመሪያ መርፌ ጀመረች፣ ቀጥሎ የእግር ጣቷ ተቆረጠ፣ በኋላም እግሯ ከጉልበቷ በታች ሄደ። እግር የሚያስቆርጠው መርፌው አለመሆኑን ሐኪሙ ደጋግሞ ቢነግራትም በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የማብሰል ሥራ ደግሞ የእግር ሥራ ነው፤ ተቀምጦ ድስት ያማሰለ ሰው እስካሁን አላየችም።

ቤት ውስጥ ያለው ከረሃቡ ይብሳል። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏና ልጇ እንዳያስጎመጇት ብለው መኝታ ቤት ገብተው፣ በሩን ዘግተው ይበላሉ። ማንኪያቸው ሳህን ሲነካ ይሰማታል። ደግነታቸው አንጀቷን ይበላዋል።

«ውጡና ብሉ፤ እኔ ሌባ አይደለሁም» አለች አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ።

«አይዞሽ፣ ጎመን በጤና ነው» አላት ባሏ ከውስጥ።

«ጎመኑስ ቢሆን ተመዝኖ አይደል የሚሰጠኝ!»

በአራተኛው ሳምንት ነርሷ ጣቷን ወግታ መሣሪያውን አየች። ሁለት መቶ አራት የነበረው ስኳር አንድ መቶ ዘጠና ስምንት ነው። ክብደቷም ከአንድ ኪሎ በላይ አልቀነሰም። ያ ሁሉ መራብ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

«እማማ፣ ከዱቄቱ ሌላ የሚበሉት ነገር አለ እንዴ?»

«እናቴ ትሙት፣ አፌ እህል አልነካም!» እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ መሐላው ግን ከልቧ ነበር።

ማታ ባሏ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ አይቶ መነጽሩን አወለቀና በለሆሳስ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ። በሠላሳ ዓመት ትዳር በውሸት ጠርጥሯት አያውቅም። እሷ ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች።

የካንቲኑ ደንብ አንድ ጊዜ የተቀመሰበት ማንኪያ ወደ ድስት አይመለስም ይላል። ቀምሳ ወደ ማጠቢያ ገንዳው ትወረውራለች፣ ሳህን አጣቢዋ ታጥባለች። ከሳህን አጣቢዋ ጋር ደግሞ ከተኳረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በሰው ፊት «ሾርባሽ ጨው በዛበት» ካለቻት ቀን ጀምሮ። በማግስቱ ይህችው ሴት አረፋ የያዘ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ሰው ምሳውን በአንድ ማንኪያ ይበላል። አንቺ ዛሬ ሠላሳ ስምንት አሳጠብሽኝ። ቆጥሬዋለሁ።»

እማማ ጭልፋ ልትሳደብ አፏን ከፈተችና የታጠቡትን ማንኪያዎች ራሷ መቁጠር ጀመረች።

በነጋታው ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አጠገቧ አስቀመጠች። ከሾርባው አንድ ማንኪያ ስትቀምስ፣ ሌላ አንድ ማንኪያ ወደ ሳህኑ። ከሥጋው መረቅ አንድ፣ ወደ ሳህኑም አንድ። የምሳ ደወል ሳይደወል ሳህኑ ሞላ፤ ሁለተኛው ተጋመሰ፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። የአንድ ሠራተኛ ምሳ አንድ ሳህን ነው። የቲማቲም ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ሃያ ሁለት ዓመት ቀመስኩ እንጂ በላሁ ብላ አታውቅም። ክር በምራቋ የምታረጥብ ሰፊ ክር በላሁ ትላለች?

ቀምሳ ልትተፋ ሞከረች፤ ጉሮሮዋ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ተነስታ ወደ ገንዳው ሄደች።

«ነይ ቅመሽልኝ።»

«የእኔ ምላስ ነው ዛሬ የተፈለገው?»

«ለእግሬ ፈርቼ ነው። ቅመሽ።»

ሳህን አጣቢዋ ፊቷን አየችና ቀልዷን ተወች። እጇን በሽርጧ አድርቃ ቀመሰች። «ጨው በዝቷል።»

«ያን ጊዜም በዝቶ ነበር?»

«ያን ጊዜም።»

እማማ ጭልፋ ውኃ ጨመረች።

በስምንተኛው ሳምንት ስኳሯ አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ሐኪሙ ክትትሉ እንደማይቋረጥ ነገራት፤ መርፌው ግን ለጊዜው ቀረ። ቤት ስትገባ ባሏ ቁጥሩን አየ፤ ሳህኑን ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣና አጠገቧ ተቀምጦ በላ።

በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ ባዶ ሳህኗን ስትመልስ «እማማ ጭልፋ፣ ሰሞኑን እጅዎ ጣፍጧል። ምን ጨምረውበት ነው?» አለቻት።

ደስም አላት፣ ከፋትም። ወጡ ምን ምን እንደሚል እንኳ አታውቀውም።

«እሷን ጠይቂያት» አለች፣ በጭልፋዋ ወደ ገንዳው እያመለከተች። ከዚያ በሁለት እግሯ ወደሚቀጥለው ድስት ሄደች።