ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚታዘዝ ስልክ

ቴሌሲያ የምትሠራው ሳሌሎሎጋ ወደብ አጠገብ፣ በአክስቷ ልጅ በፊሎሜና የጨርቅ ሱቅ ጥግ ነው። ያላት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ ነው። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከዋና ከተማው ከአፒያ በመርከብ እስኪሻገር ሳምንት መጠበቅ ሰለቻትና አንድ ቀን ራሷ ፈታችው። ከዚያ ወዲህ መፍታት አላቆመችም። በሳቫኢ ደሴት ስልኩና ኮምፒውተሩ አልስማማ ያሉት ሰው ሁሉ በስተመጨረሻ እሷ ጋ ይመጣል። በስተመጨረሻ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጀመሪያ የወንድሙን ልጅ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ልጅ፣ ከዚያም ምንም ሳያውቅ ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ሁሉ ሳያስነካካ የሚመጣ የለም።

አንድ ሕግ አላት፤ ቅጂ ሳትይዝ ምንም አትነካም። ይህን ሕግ ያወጣችው ካጠፋች በኋላ ነው። ሥራውን በጀመረች በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሴት የሟች ባሏ ፎቶዎች ያሉበትን ስልክ ይዛ መጣች። ቴሌሲያ ከኮምፒውተሩ ጋር ይመሳሰል፣ የጎደለው ሁሉ ይመጣል አለቻት። ተመሳሰለ። ኮምፒውተሩ ባዶ ስለነበር ስልኩም ባዶ ሆኖ ቀረ። ሴትዮዋ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ዛሬም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጉንጯን ስማ ሰላም ትላታለች። ቴሌሲያን የሚያንገበግባት ይኸው ሰላምታ ነው።

ሽማግሌው ኬሌሜቴ ሐሙስ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዶ ሲገባ ፊሎሜና መቀሷን አስቀምጣ ብድግ አለች። ኬሌሜቴ የመንደሩ አፈ ጉባኤ ነው፤ በሠርግም በለቅሶም በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚናገረው እሱ ነው። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ ስልኩን ደግሞ ጠፍቶ እንዳለ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከቶታል። ለምን በቆርቆሮ እንዳደረገው ሲጠየቅ አየሩም እንዳይነካው ነው አለ።

ነገሩን ከሥሩ ነገራት። ታላቅ እህቱ ፋአማኑ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እስከ አሥራ አንድ ትውልድ በቃሏ የምታውቅ ብቸኛ ሰው ነበረች። ታማ ከተኛች በኋላ እሷ እየነገረች እሱ በስልኩ ይጽፍ ነበር፤ ጽሑፉም በራሱ ወደ ቤቱ ላፕቶፕ እንዲሄድ ተደርጓል። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ግን አዲሱ ጽሑፍ የውሃ ሽታ ይሆንና የድሮው ገጽ ስልኩም ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ሁለት ጊዜ አንድ ሙሉ የቤተሰብ ቅርንጫፍ ጠፋ። ፋአማኑ ሁለት ጊዜ ደግማ ነገረችው፤ በሁለተኛው፣ አልሰማኸኝም ማለት ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከማንም ጋር ሳያገናኝ ሁሉንም እንደገና ጻፈ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ፋአማኑ አረፈች፤ የተረፈው ቃሏ ያለው በዚህ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ቤተሰቡ በዘር ሐረግ የሚወረሰውን የአለቃነት ስም ለማን እንደሚሰጥ ለመምከር ይሰበሰባል፤ ሌላው ወገን የራሱን ሐረግ በወረቀት ጽፎ ይመጣል። የፋአማኑ ስሞች ከጠፉ የኬሌሜቴ ወገን አፉን ይዞ መቀመጡ ነው።

ይህን ሁሉ ከነገራት በኋላ ግራ የገባውን ነገር ጨመረ፤ ስልኩ ሰኞ ሰኞ ይታዘዛል። ሰኞ የጻፈው ጠፍቶ አያውቅም።

ፊሎሜና የሰንበት በረከት ነው አለች። ቴሌሲያ ግን አልሳቀችም፤ ሰኞ የሚለውን በወረቀት ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

መጀመሪያ የስልኩን ሲም ካርድ አወጣች። የሱቁን ዋይፋይም ነቀለችው፤ ፊሎሜና ከእህቷ ጋር እየተጻጻፈች ስለነበር አጉረመረመች። ከዚያ በኋላ ብቻ ስልኩን አበራችና ገጹን እያገላበጠች በራሷ ስልክ ፎቶ ታነሳው ጀመር። ሃያ ሦስት ገጽ ነው። ኬሌሜቴ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ እያንዳንዱን ስም በለሆሳስ ያነባል። ፎቶው ሲያልቅ ጽሑፉን በገመድ ወደ ፍላሽ ገለበጠችና ከስልኩም ከላፕቶፑም ላይ ሰረዘችው።

"አሁን ሰይጣን ራሱ ቢመጣ አያገኘውም" አለችው።

ሽማግሌው እፎይ ብሎ ተነሣ። የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠው፣ ለቅዳሜ ይህ እንደሚበቃው ነገራት።

"ለቅዳሜ ይበቃል። ከቅዳሜ በኋላ የሚጽፉትስ?" አለች ቴሌሲያ። "ይቀመጡ አባቴ። ምክንያቱን ሳላውቅ ይህ ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም።"

ፊሎሜና በጨርቆቿ መሃል ሆና "እንግዲህ አደሩ በሉኛ" አለች። "ይህችን ልጅ እልህ ከያዛት እኛም ምሳ አንበላም።"

ቴሌሲያ ዋይፋዩን መልሳ ሰካችና ባዶ ገጽ ከፈተች። ላፕቶፑ ላይ ሙዝ፣ ቀጥላ ስልኩ ላይ ታሮ ብላ የጎደሬን ስም ጽፋ አገናኘቻቸው። ታሮው ጠፋ። የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ ታሮው ጠፋ። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነችው፤ አሁንም ታሮው ጠፋ። ፊሎሜና እውነተኛውን ታሮ በኮኮናት ወተት ከበሰለ ቅጠሉ ጋር አምጥታ አጠገቧ ብታስቀምጥላትም ዞር ብላ አላየችውም። ጥርሷን ነክሳ ያንን ወረቀት ታያለች።

በመጨረሻ እሑድ እሑድ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። ኬሌሜቴ እንደ ስድብ ቆጠረው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ በቤቱ ማንም ማሽን የሚባል ነገር አይከፍትም። በሌላውስ ቀን? በሌላው ቀን ሁልጊዜ ከማታው ጸሎት በኋላ ላፕቶፑን ይከፍትና የተሳሳተ ፊደል ካለ አንድ ሁለቱን ያርማል።

ነገሩ ያኔ ገባት። ላፕቶፑ በዋዜማው ሳይነካ የሚያድረው ለሰኞ ብቻ ነው። ጉዳዩ የቀን ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማየት የነበረባት የስልኩን ቀን ነበርና በራሷ ተናደደች።

"አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ ነዋ።"

"ስልክዎ ረቡዕ ነው ይላል።"

"እሱማ ልክ ነው" አለ ሳይደነግጥ። "እኔ ነኝ በእጄ የመለስኩት። የኤሜ ቀን ነው።"

ኤሜ ልጁ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ ፓጎ ፓጎ አግብታ ሄዳ አሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የፓጎ ፓጎ ሰዓት ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ በመሃል ቀን የሚለወጥበት መስመር ስለሚያልፍ ግን ቀኑ በአንድ ወደኋላ ነው። በሄደች በመጀመሪያው ዓመት ኬሌሜቴ በልደቷ ቀን ብሎ ሲደውል ለእሷ ገና ዋዜማው ነበር። በእሱ እሑድ ሲደውል ደግሞ እሷ ቅዳሜ ላይ ሆና ሥራ ገብታ ስልኳን አታነሳም። ስለዚህ ስልኬ በልጄ ቀን፣ ላፕቶፑ በእኔ ቀን ይሁን ብሎ ወሰነ።

ቴሌሲያ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ሁለቱ ሲገናኙ በኋላ የጻፈው ማን ነው ተባብለው ነው የሚጠያየቁት። ላፕቶፑ ትናንት ማታ ነው የነካኸኝ ይላል። ስልክዎ ግን ዛሬ የጻፉበትን ትናንት ቀን ላይ ነው ይላል። ስለዚህ አሮጌ ነው ተብሎ ይጣላል። ሰኞ ግን ላፕቶፑ የተነካው ቅዳሜ ነውና ስልክዎ ያሸንፋል።"

ለሽማግሌው ፋአማኑ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር የታየችው ይመስላል።

"እንግዲያው ያጠፋሁት እኔ ነኛ" አለ።

ማሽኑ ነው ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ያቺ ፎቶዎቿን ያጣችው ሴት ትዝ አለቻትና ተወችው።

"አዎ" አለችው። "ሳያውቁ።"

ቀኑን ላስተካክለው ብላ ስትጠይቀው ግን ግንባሩን ቋጠረ፤ ኤሜን ትናንት ላይ ጥሏት አይሄድም። ቴሌሲያም አልተከራከረችም። የስልኩን ቀን ወደ ሐሙስ አመጣችና ከሥሩ የፓጎ ፓጎን ሰዓትና ቀን የሚያሳይ ሁለተኛ ሰዓት አወጣችለት። አሁን ከላይ እሱ ሐሙስ ላይ ነው፣ ከታች ልጁ ረቡዕ ላይ ናት። አተኩሮ አየውና ይሁን አለ።

ቴሌሲያ የፋአማኑን ሃያ ሦስት ገጽ ከፍላሹ ወደ ላፕቶፑ መለሰች፤ ወዲያው ስልኩም ላይ ታዩ። የቀረው ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ማለፉን ማየት ብቻ ነው። በታሮና በሙዝ ስለተማረረች፣ እሱ ራሱ እውነተኛ ነገር እንዲጽፍበት ስልኩን ሰጠችው።

ኬሌሜቴ መነጽሩን አድርጎ በአንድ ጣቱ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ሦስቱም ላፕቶፑ ላይ አፈጠጡ። ጥቂት ቆይቶ ከስሞቹ ሁሉ በታች አንድ አዲስ መስመር መጣ፤ "ፋአማኑ ማክሰኞ ጠዋት አረፈች።"

"ቆይ፣ ይጠፋል" አለ።

ጠበቁ። ቴሌሲያ ገጹን ዘጋችና ከፈተችው፤ መስመሩ አለ። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው፤ አለ። ኬሌሜቴ ደጋግሞ እንድታጠፋና እንድታበራ ጠየቃት፤ እሷም ያለውን ሁሉ አደረገች። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ለቅሶ ላይ ቆሞ የተናገረው፣ በእህቱ ቀብር ላይ እንኳ ድምፁ ያልተሰበረው ሰውዬ ያንን መስመር እያየ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ቴሌሲያ ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እጁን ያዘችው።