ከፈንግል የተረፉት ሁለት ዶሮዎች

ትናንት ተማሪዬ የናሙና ሣጥኑን ታቅፎ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። መብራት ጠፍቶ በረዶው ቀልጧል፤ ከሱሉልታ ዶሮዎች የሰበሰበው ደም ሁሉ ተበላሽቷል። አይዞህ ማለት ሲገባኝ ንዴቴ ቀደመኝ። ንዴቱም የዛሬ አይደለም፤ ከቡራዩ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው።

ያኔ ሰበታ ቤት ተከራይቼ የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራ ወጣት ነበርኩ። የማጠናው ፈንግልን ነው፤ የመንደር ዶሮ የሚፈጀውን ቫይረስ። በሴል ውስጥ ፕሮቲን የማይሠሩ ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች አሉ። ሥራቸው ሌሎች አር ኤን ኤዎች ፕሮቲን ለማሠራት የሚያደርሱትን መልእክት አፍኖ ማስቀረት ነው። አንዳንዶቹ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዱታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ያግዙታል። የትኞቹ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ ታመው የዳኑ ዶሮዎች ያስፈልጉኝ ነበር።

ቡራዩ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ግቢ አገኘኋቸው። የሰፈሩ ዶሮ ሲያልቅ የእሳቸው ሁለት ቀያዮች ታመው ተነሥተዋል። ከክንፋቸው ደም ወሰድኩ። አዴ ቁጭ በይ፣ ቅመሺ ቢሉኝ፣ አር ኤን ኤ ሙቀት አይችልምና በረዶው ሳይቀልጥ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። መሮጤም አልጠቀመኝ፤ ሰበታ መብራት ጠፍቶ ናሙናው ተበላሸ። ሌላ ደም ካላገኘሁ መመረቅ የለም። ደውዬ ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳቸው።

መስከረም ሊጠባ ነበር፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ሚኒባስ ቀያይሬ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ እየሸተተኝ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ዶሮ የለም። ከቤት የቁሌት ሽታ ይመጣል።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ? ያን ዕለት ውሃ እንኳ ሳትቀምሺ ሄድሽ። አፍሬ ሰነበትኩ" አሉኝ።

"አዴ፣ ዶሮዎቹስ?"

"ጎረቤት አረደልኝ። በሽታ ያልቻላቸው ጠንካሮች ናቸው ብለሽ የለ? ላንቺ ያልሆኑ ለማን ሊሆኑ ነው?"

እንቁላል የሚጥሉላቸው እነዚያው ብቻ ነበሩ። ደም ፍለጋ የመጣሁበት ሣጥን እግሬ ሥር ተቀምጦ፣ አዴ በእጃቸው አጎረሱኝ። መጮኽ እየፈለግኩ ጎረስኩ። ወጡ ደግሞ መጣፈጡ፤ ዛሬም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ምረቃዬ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ "ታዲያ ያዳናቸው የትኛው አር ኤን ኤ ነበር?" አለኝ።

"አላውቅም። በላኋቸው።"

ነገ ሱሉልታ ሄዶ እንደገና ይጀምራል። ደም ከመውሰዱ በፊት ቁጭ ብሎ የቀረበለትን እንዲቀምስ አጥብቄ ነግሬዋለሁ።